ሻይ በአውቶቡስ መስኮት

መስከረም 4 ቀን 1977

የመሠረተ ትምህርት መምህራችን "የተማራችሁት እንዳይጠፋባችሁ ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ ጻፉ" ብላን ነበር። እኔ ከሰርተፊኬቱ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ደጄ ላይ የለጠፍኩት "ሻይ አለ" ብቻ ነው። ዛሬ ግን ተናድጃለሁ፤ የምነግረው ሰው ደግሞ የለኝም፤ ስለዚህ ልጻፍ።

ወደ ደሴ የሚወጣው አውቶቡስ ዛሬም ብርጭቆዬን ይዞ ሄደ። እዚህ ሸዋ ሮቢት ሲቆም ግማሹ ሰው ይወርዳል፤ ያልወረደው በመስኮት እጁን ይዘረጋል። እኔም ተንጠራርቼ ሻይ አቀብላለሁ። ሻዩ ይፋጃል፣ ብርጭቆው እጀታ የለውም፣ ሰውየው በነጠላው ጫፍ ይዞ እፍ እፍ ሲል መኪናው ይነሣል። ብርጭቆዬ ደሴ ገባ ማለት ነው። ሮጥኩ ሮጥኩና አቧራ ቅሜ ተመለስኩ።

በዚህ ዘመን ብርጭቆ ከየት ይመጣል? ራሴ ነኝ ከጠርሙስ የማወጣው። ክር ላምባ ውስጥ እነክርና ጠርሙሱ ወገብ ላይ አስራለሁ፤ ክብሪት እጭርበታለሁ፤ እሳቱ ዞሮ ሲጨርስ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እከተዋለሁ። ቀጭ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ ከንፈር እንዳይቆርጥ አፉን በድንጋይ መሞረድ ነው፤ እሱ ነው የሚያደክመው።

በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ከቲማቲም ጣሳ ኩራዝ የሚሠራው አደም ስሮጥ አይቶ ሳቀብኝ።

"እትዬ ትርንጎ፣ አንቱ እኮ አውቶቡሱን ሊቀድሙት ነበር" አለ።

"አንቱ የምትለኝ እናትህ ነኝ?" አልኩት። ቢበልጠኝ እንጂ አያንሰኝም። እሱ ግን ከታች ከቆላው መንደር ነው፤ እዚያ ሰው ማክበር ያበዛሉ። ጠዋት ይመጣል፣ ማታ እናቱ ዘንድ ይመለሳል። ማሽላው ዘንድሮም ራስ ሳያወጣ ስለደረቀ የሚበሉት እሱ ከሚሸጠው ኩራዝ ነው።

መስከረም 8

አደም ብርጭቆውን ወገቡ ላይ የሚያቅፍ የሽቦ ቀለበት ሠራ፤ ከቀለበቱ እጀታ አወጣለት። ቆንጆ ነው። ሽቦው ግን ከሻዩ ብሶ ያቃጥላል። ከኩባንያ መኪና የወረደ አንድ ሰው ያዘውና ለቀቀው። የመጀመሪያው እጀታ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሰበረ። እኔ ተቆጣሁ፣ አደም ደግሞ ጎንበስ ብሎ ሽቦውን ከስብርባሪው መሃል ለቀመ።

መስከረም 10

ሽቦው ላይ ቃጫ ጠመጠመበት። አያቃጥልም። ሲርስ ግን ይሸታል። እርጥብ አህያ የሸተተኝ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የራሴ ዕቃ ነው። "ይቅርብኝ" ብለው "ቆይ" አለኝ። ሌላ ነገር አልጻፍም፣ ሥራ በዛ።

መስከረም 13

ተሳካ። ሮቢ ወንዝ ዳር ወርዶ ቀጭን ሸምበቆ ቆርጦ አመጣ። በጣት ልክ ቆራረጠውና ሽቦውን አሳልፎ አጠፈው። ውስጡ ባዶ ስለሆነ አይግልም፤ ሲታጠብም ወዲያው ይደርቃል።

በልኩ ላይ ተጨቃጨቅን። እሱ ሁለት ጣት ይበቃል አለ፤ እኔ ሦስት። "ሾፌሮቹ እኮ ጣታቸው ወፍራም ነው" አልኩት። "የሚያቀርበው ሰው እጅ ነው ዋናው" ብሎ እጄን ያዘና ጣቶቼን በሽቦ ለካ። ልኩን ለማወቅ ነው። ሁለት ጊዜ ለካ፤ የመጀመሪያው ጠፋበት መሰለኝ። እጄ ሻካራ ስለሆነ አፈርኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለምን እንደምጽፍ አላውቅም።

መስከረም 18

መስቀል አለፈ። እትዬ ዘነበች መጥታ ነበር። ዘነበች የባሌ የተክሌ ታላቅ እህት ናት። ተክሌ በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ከሚሊሺያዎቹ ጋር ሄደ፤ ይኸው ሰባት ዓመት፣ ሞተም አልተባለ፣ አለም አልተባለ። መርዶ ስላልመጣ አልተለቀሰም። ዘነበች ቤቷ ውስጥ ማንም "ነበር" እንዲል አትፈቅድም፤ "ተክሌ ሲመጣ" ነው የምትለው። እኔም እንደዚያው እላለሁ። ባል የለኝም፣ ባል የሞተባትም አይደለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ምን እንደምል ግራ ይገባኛል፤ "አለሁ" ብዬ አልፋለሁ።

ዛሬ አንድ ነገር አየችብኝ። በእኛ አገር ክርስቲያን ቤት ለእስላም እንግዳ ንጹህ ዕቃ ለብቻ ይቀመጣል፤ ጠላም አረቄም ነክቶት የማያውቅ። እኔም ለአደምና ለነጋዴዎቹ ብዬ መደርደሪያው ዳር ለብቻው የማስቀምጠው ብርጭቆ አለኝ። ዘነበች ስትገባ በሱ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

"ይኼ የነሱ አይደለም?" አለች።

"ሌላው አልታጠበም" አልኳት።

ወደ ሳፋው አየች። ሁሉም ታጥቦ ተደፍቷል። እኔም እውነቴን ነው፣ ስጀምር አልታጠበም ነበር።

መስከረም 25

አደም አዲስ ነገር ፈጠረ። ክንድ ተኩል የሚሆን ሸምበቆ ወስዶ ጫፉን በቆርቆሮ ጠፍሮ ሁለት የሽቦ ቀለበት አወጣበት። ሁለት ብርጭቆ ይቀመጥበታል። ሳልንጠራራ መስኮት ድረስ አደርሰዋለሁ። የብርጭቆዎቹ እጀታ በቀጭን ገመድ ከዘንጉ ጋር ታስሯል፤ ዘንጉን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ መኪናው ቢነሣም ብርጭቆዬ ወደኔ ይመለሳል።

ሞከርነው። አውቶቡሱ ሲነሣ አንዱ ነጋዴ ሻዩን ደረቱ ላይ ደፋው፤ ብርጭቆዬ ግን በገመዱ ተንጠልጥሎ ቀረልኝ። ነጋዴው ከመስኮቱ እየተሳደበ ሄደ። እኔና አደም በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። እንዲህ ስቄ አላውቅም፣ ተክሌ ከሄደ ወዲህ ማለቴ ነው።

እየሳቀ "አንቺ" አለኝ። "አንቺ፣ ሰውየውን ገደልሽው" ነው ያለው። ወዲያው ጎንበስ ብሎ ገመዱን ማጥበቅ ጀመረ። ሳቅ ላይ ስለሆነ አምልጦት ነው።

ጥቅምት 2

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ወልደማርያም ሁለት እንግዶች ይዞ መጣ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ዘንጉን አወጣሁ፣ እጀታውን አሳየሁ፣ "ይኼን የሠራው አደም ነው፤ ከጣሳ ኩራዝ፣ ከሽቦ መያዣ፣ ከቆርቆሮ ባልዲ ያወጣል፤ ከምንም ነገር ዕቃ ያደርጋል" አልኩ። ጓድ ወልደማርያም ሸምበቆውን አገላብጦ አየና "የምን መንደር ሰው ነው?" አለኝ። ነገርኩት። የእናቱን ስም ጠየቀኝ። ጣይባ ትባላለች፣ እህቱ ዘምዘም አራስ ናት፣ ባሏ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ አልተመለሰም ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ከእንግዶቹ አንዱ ደብተር አውጥቶ ጻፈ።

ሲሄዱ አደም "ምን ነበር የሚጽፈው?" አለ።

"ሊሸልሙህ ይሆናላ" አልኩት። አልሳቀም። የማመስገን ጠባይ የላቸውም እነዚህ ሰዎች።

ጥቅምት 9

እህል የጫኑ መኪኖች ቀንና ሌሊት ወደ ሰሜን ያልፋሉ። ከቆላው የሚወጣ ሰው በዝቷል። አስፋልቱ ዳር ይቀመጣሉ፣ አይለምኑም፣ ዝም ብለው መኪናውን ያያሉ። ስኳር አለቀ። በስኳር ፈንታ ዝንጅብል አበዛሁበት። ደክሞኛል።

ጥቅምት 20

እነዚያ እንግዶች ዛሬም መጥተው ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ስቀዳ የሰማሁትን ልጻፍ። አንደኛው "ገበሬ ብቻ ወስደን ምን እናደርጋለን? ጫካ ውስጥ አንጥረኛ ያስፈልጋል፣ አናጢ ያስፈልጋል" አለ። ሁለተኛው "ይቺ ሴትዮ ጥሩ ሰው ነው የጠቆመችን" አለ። ፈገግ አሉልኝ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ጫካ ያሉት የቱን ይሆን? ለአደም ነገርኩት። እጁ ላይ ያለውን መቀስ አስቀመጠና ወደ መንገዱ ያይ ጀመር። "ምን ሆንክ?" ብለው "ምንም" አለ። ሲከፋው ከቅንድቡ በላይ አንድ መስመር ይወጣል። ሽልማት ከሆነ ደስ ሊለው ይገባል። ካልሆነ ደግሞ ምንድን ነው?

ኅዳር 3

ሰፈራ ነው። ጫካ ያሉት ወለጋ ነው፤ ኢሉባቦር ነው የሚሉም አሉ። የአደም መንደር ሊነሣ ነው። ጣይባም፣ ዘምዘምም ከነሕፃኗ፣ አደምም። እሱ ደግሞ "ባለሙያ" ተብሎ ፊት ከሚሄዱት ውስጥ ነው።

ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።

ቆላ የሚኖር ሰው ያለኔም መጻፉ አይቀርም ነበር እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ዘንጉን እንዴት እያውለበለብኩ እንዳሳየሁ ትዝ ይለኛል። ምነው ምላሴን በቆረጠው። ሻይ ሻጭ ሻይዋን ብትሸጥ ምን ነበረበት።

ኅዳር 5

ቀበሌ ሄድኩ። ጓድ ወልደማርያምን አውቀዋለሁ፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲናገር ግን ስብሰባ ላይ ያለ ይመስለዋል።

"ጓዲት ትርንጎ፣ ሕዝቡ እየተራበ ነው። እዚያ መሬቱ ለምለም ነው" አለኝ።

"አደም ከተማ ነው የሚሠራው። በረንዳዬ ላይ" አልኩት።

"በረንዳ ላይ መሥራት ነዋሪ አያደርግም። እዚህ ቤትና ሚስት ቢኖረው አይመለከተውም ነበር። ማደሪያው ቆላ ነው፣ ሂሳቡም ከቆላው ጋር ነው።"

መንገድ ለመንገድ ሳስብ መጣሁ። ቤት ያላት ሚስት ብቻ ናት የምትጎድለው። ይኼማ ቀላል ነው። በርበሬ የምትሸጠው ፋዲላ አለች፤ ከተሜ ናት፣ ቤት አላት፣ ጨዋ ናት፣ ሃይማኖታቸውም አንድ ነው። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ነገርኩት።

"ፋዲላን አግባ" አልኩት። "ነገ ሽማግሌ ላክ፤ እኔ ራሴ ሄጄ አነጋግርልሃለሁ።"

ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። "አንቺ ነሽ ፋዲላን አግባ የምትዪኝ?" አለ።

"ምን ክፋት አላት?"

"ምንም ክፋት የላትም" አለና ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄደ። የተቆጣበት ነገር አልገባኝም። ሚስት ነበረችው፣ ተፋተው እሷ አጣዬ ገብታለች ይባላል። እሷን እያሰበ ይሆን? እኔ የምለፋው ለሱ ብዬ ነው። ፋዲላ ግን ትንሽ ድምፅዋ ይበዛል። ደግሞ በርበሬ ስለምትይዝ ሁልጊዜ ታስነጥሳለች። ከሷ ጋር የሚስማማ አይመስለኝም። እንግዲህ እሷን መምረጥ አለመምረጥ የሱ ጉዳይ ነው።

ኅዳር 9

አደም አልመጣም። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም። አንዱ እጀታ ተፈታ። ራሴ ላጥፈው ብዬ ሽቦው ጣቴን ወጋኝ። ብርጭቆ ሁለት ሰበርኩ። ለሰው ሻይ ቀድቼ በስንት መከራ ያገኘሁት ስኳር መስሎኝ የጨመርኩት ጨው ሆነ። ሰውየው ጠጥቶ ከፍሎ ሄደ፤ ዘመኑ ነው ብሎ ይሆናል።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ተሳልሜ ስመለስ አደምን በረንዳው ላይ አገኘሁት። እናቱንም ይዞ መጥቷል። ጣይባ አጭር ናት፤ ኩምትር ያለች አሮጊት። ሻይ በዚያ ለብቻው በማስቀምጠው ብርጭቆ ሰጠኋት። እጀታውን ይዛ "ይኼን ነው ሌት ተቀን የሚያወራው?" አለች። ከዚያ እጄን አየች፣ ጣቴ ላይ ያለውን ቁስል። "አልሐምዱሊላህ፣ የሚሠራ ሰው እጅ ነው" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ጣይባ ገበያውን ልታይ ስትወጣ አደም ጠየቀኝ። "ትርንጎ፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?"

እኔ ምን አልኩ? "ሳትሄድ ጥቂት የብርጭቆ መያዣ ብትጨምርልኝ" አልኩ። ይኼን ነው ያልኩት። ሰው በሕይወቱ አንዴ እንዲህ ተጠይቆ መያዣ ይላል? ተክሌ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ፊቱ ጠፋብኝ። ቁመናውን አስታውሳለሁ፣ ፊቱን ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ለዘነበች ይኼን እንዴት ብዬ ልንገራት?

አደም "እሺ" አለና ቁጭ ብሎ ሲሠራ ዋለ።

ኅዳር 16

ጾሙ ትናንት ገብቷል። መኪናው ነገ ነው። የሠራልኝን መያዣዎች ደርድሬ አየኋቸው። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ አንድም አይላላም። አንዱን ሊያጣምምልኝ አይችልም ነበር? ቢያጣምምልኝ "ተመልሰህ አቃናልኝ" እለው ነበር። ምን ዓይነት ሐሳብ ነው ይኼ። ተኚ፣ አንቺ ትርንጎ።

ኅዳር 17

ዛሬ ጽሑፌ አያምርም።

ኳስ ሜዳው ላይ ሰዉን ሰበሰቡ። መኪናዎቹ ተደርድረዋል። የኛም ቀበሌ ሰው ለመሸኘት ውጡ ተብሎ ወጥቷል። ዘነበች አጠገቤ ነበረች። ጓድ ወልደማርያም ብዙ ተናገረ፤ ለምለም መሬት፣ ትራክተር፣ ትምህርት ቤት። ሲጨርስ እንደ ልማዱ "ቅሬታ ያለው?" አለ። ቅሬታ ያለው ኖሮ አያውቅም። ሁልጊዜ ይባላል፣ ሁልጊዜ ዝም ይባላል፣ ከዚያ ይጨበጨባል።

እጄን አወጣሁ። እጄን ያወጣሁት እኔ መሆኔን ያወቅኩት ሰው ሁሉ ሲዞር ነው።

"አደም አይሄድም" አልኩ።

"ለምን?"

"ቤት አለው። እኔ ጋ ነው። ባሌ ነው።"

አደም ከመኪናው ሥር ቆሟል፤ ፊቱን ማየት አልቻልኩም። ጓድ ወልደማርያም ሲያነብ የነበረውን ወረቀት ዝቅ አደረገ፤ ድምፁም የስብሰባ ድምፅ አልነበረም።

"ትርንጎ፣ ተክሌስ?" አለኝ።

"ተክሌ ሞቷል" አልኩ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ለዘነበች ማንም ያልነገራት ቃል ነው። ዘነበች ነጠላዋን ከትከሻዋ ጣለችና "ወንድሜን፣ ወንድሜን" እያለች ደረቷን ትመታ ጀመር። ሴቶቹ ያዟት። አንዷ አብራ አለቀሰች፣ ሌላዋም ጀመረች፤ መኪናው ላይ የተጫኑት የቆላ ሴቶችም ለማን እንደሆነ ሳያውቁ አለቀሱ። ሁሉም ማልቀሻ ሲፈልግ ነው ለካ የከረመው።

ጓድ ወልደማርያም ወደ አደም ዞረ። "እውነት ነው?" አለው።

አደም እናቱን ነው የሚያየው። እኔ መሬት ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ሳልጠይቀው፣ ሳልነግረው፣ በሕዝብ ፊት።

ጣይባ ከመኪናው ላይ ሆና ተናገረች። "ወላሂ እውነት ነው። እኔ ነኝ የመረቅኋቸው። ልጄ እዚህ ነው ቤቱ።"

"አንቺስ እናቴ?" አላት ጓድ ወልደማርያም።

"እኔ ከዘምዘም ጋር ነኝ። አራስ ብቻዋን አትሄድም።"

ከሁለቱ እንግዶች አንዱ "ባለሙያው ነው እኮ" ብሎ ሊከራከር ነበር። ጓድ ወልደማርያም ልቅሶውን አየና "ተወው" አለ። አደም መኪናው ላይ ዘሎ ወጣ። ሊሄድ ነው አልኩ። እናቱን አቀፋት። ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ነገረችውና በሁለት እጇ ገፋችው። ወረደ። መኪናው ሲነሣ አልሮጠም፤ የመኪናው ጎን ላይ እጁን አድርጎ የተወሰነ መንገድ አብሮት ሄደና እጁ ሲቀር ቆመ።

አዳንኩት ወይስ እናቱን ቀማሁት? ዞሬ ዞሬ እዚያው ነኝ።

ኅዳር 19

ዘነበች ደጅ ድንኳን ተተክሏል። የተክሌ ለቅሶ ነው።

እኔ ልሂድ ወይስ ልቅር? የሟች ሚስት ነኝ። በዚያው ቀን ደግሞ ሌላ ባል አለኝ ያልኩ ሴት ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት የምታውቅ ሴት ብጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር። በመጨረሻ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። ዘነበች አላየችኝም፤ ግን ምንጣፉ ላይ ፈቅ አለችና ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ። ተክሌን አለቀስኩት። ፈልጌ ያጣሁት ፊቱ ሳለቅስ መጣልኝ፤ የግራ ጥርሱ ትንሽ ተሰብሮ ነበር፣ እንዴት ረሳሁት። መሃል ላይ ግን ጣይባ የት ደርሳ ይሆን እላለሁ። እንደገና ወደ ተክሌ እመለሳለሁ።

ዘነበች ቀስ ብላ "እኔም አውቀው ነበር" አለችኝ። "አፌ ነው እምቢ ያለኝ።"

አደም ከኔ ጋር እስካሁን አልተነጋገረም። በረንዳው ላይ ነው ያደረው፤ ብርድ ልብስ አወጣሁለት፣ ተቀበለኝ። ጠዋት ማንም ሳይጠይቀው ድንኳኑ ዘንድ መጥቶ ለለቀስተኛው ውሃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲፈልጥ ዋለ። ከቆላ የመጡ እስላሞችም ለቅሶ ሊደርሱ ገቡና እሱ አጠገብ ተቀመጡ።

ማታ ሰዉ መበተን ሲጀምር እየተነሣ ተሰናበተን። እኔ ዘንድ ሲመጣ "እግዜር ያጥናሽ" ይለኛል። አደም ዘንድ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ ይቆማል፤ ምን እንደሚለው ግራ ይገባዋል። ሟቹ ዘመዱ አይደለም። እናቱ ደግሞ አልሞተችም። አንድ ሽማግሌ ብዙ ቆመው አዩትና "እግዜር ያጥናህ" አሉት። ከሳቸው በኋላ የመጣው ሁሉ እንደዚያው አለው።

አደምም እየተነሣ፣ በሁለት እጁ እየጨበጠ፣ ለእያንዳንዱ "አሜን" አለ።